ምዕራፍ 7፦ መንግሥት ሲለወጥ ተራራው የማን ነው?

በወላይታዋ አረካ የአንዱን ሰፈር እድር ዕቃ ቤት አስከፍቶ ያየ ሰው የሚያገኘው የታወቀ ነው። ጥግ ላይ የተጠቀለለ ድንኳን፣ የተደራረቡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥቀርሻ የጠገቡ ትላልቅ ብረት ድስቶች፣ ከሥራቸው በቀለም ምልክት የተደረገባቸው ሰሃኖች። በሩን የሚዘጋው አንድ ጓጉንቸር ነው። የታጠቀ ጠባቂ የለም። እንዲህም ሆኖ አብዛኛው የአገራችን እድር ከንጉሡ ዘመን ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ኢሕአዴግ፣ ከዚያም ወዳለንበት ዘመን ንብረቱን ይዞ ተሻግሯል። ሹም ተሽሮ ሹም ሲተካ፣ የቀበሌው ማኅተም ሲቀየር፣ ድንኳኑ የእድሩ ድንኳን ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ደግሞ ወደ ግንቦት 1983 ዓ.ም. እንሂድ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን ከአገር ወጡ፤ ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። በእነዚያ ሳምንታትና በተከታዮቹ ወራት በስምጥ ሸለቆና በባሌ ባሉ ብሔራዊ ፓርኮች የጥበቃ ኬላዎች ተዘረፉ፤ የጣሪያቸው ቆርቆሮ ተነቀለ፤ የበሩ መዝጊያ ሳይቀር ተወሰደ። ለሃያ ዓመት በመሣሪያ ሲጠበቁ የኖሩ እንስሳት ታረዱ፤ ግራሩ ከሰል ሆነ።

ዘበኛ የሌለው ድስት ተርፎ ዘበኛ ያለው ቆርኬ ለምን አለቀ? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

በምዕራፍ 3 ዝናብ የተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ አፈሩን እንዴት ጠርጎ እንደሚወስድ አይተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ እንሰት ከጓሮ ሳይወጣ ይህን ሁሉ ሕዝብ እንዴት እንደሚሸከም ተነጋግረናል። እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ውኃ፣ ስለ አፈርና ስለ ሥር ነበር። ከዚህ በኋላ ግን የሰዎች ስምምነት የሚባለውን ነገር ካላነሣን ወደፊት መሄድ አንችልም፤ ምክንያቱም አንድ ተራራ በዝናብ ከሚራቆተው ይበልጥ ስምምነት ሲፈርስ ይራቆታል።

ክፍተቱ

የስዌይን ቆርኬ የሚባለው የቆርኬ ዘር ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለም። በሶማሊያ ቀደም ብሎ ጠፍቷል። በአገራችን የቀሩት ዋና መጠለያዎቹ ሁለት ናቸው፦ ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ያለው የሰንቀሌ መጠለያና ከወላይታ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው፣ በ1997 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ። ማዜ 220 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚሰፋ ሜዳ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከሰንቀሌ ተይዘው ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር የተወሰዱ ቆርኬዎች ነበሩ፤ በሁለቱም ቦታ ሥር ሳይሰድዱ ቀሩ።

ሰንቀሌ ውስጥ በደርግ መጨረሻ ዓመታት በሺህ የሚቆጠር ቆርኬ ይሰማራ ነበር። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ቁጥሩ ወደ መቶዎች ወረደ። ባሌም እንዲሁ ሆነ፤ የደጋ አጋዘን መንጋዎች በጌሴ ሜዳ ተመቱ። ከተረፉት ብዙዎቹ ዲንሾ ላይ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ወዳለበት አጥር ግቢ ተጠግተው ሰነበቱ። አንድ ሰፊ ፓርክ ወደ አንዲት ግቢ ተጨራመተ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በአዲስ አበባ ሥልጣን ለመተካት የፈጀው ጊዜ አጭር ነበር። አዲሱ መንግሥትም ፓርኮቹ ይጥፉ ብሎ አላወጀም። የድሮው ባለቤት ሄዶ አዲሱ እስኪመጣ በመሐል የቆየች ጊዜ ነች ጥፋቱን ያመጣችው። ይህችን ጊዜ በዚህ መጽሐፍ «ክፍተት» እንላታለን።

ክፍተቱ አጭር ከሆነ ጉዳቱም አጭር አይሆንም ወይ? አይሆንም። ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። ሴት ቆርኬ በአንድ ወሊድ የምትጥለው አንድ ጥጃ ነው። አንድ ሺህ የነበረ መንጋ በአንድ ክፉ ወቅት ወደ መቶ ወረደ እንበል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቢመቻችለት፣ በዓመት ከመቶ ሃያ እጅ እየጨመረ ቢሄድ፣ ወደ ሺህ ለመመለስ 13 ዓመት ይፈልጋል። ጅብ፣ ድርቅና የከብት በሽታ ተጨምረው ዕድገቱ ወደ ከመቶ አሥር እጅ ቢወርድ ደግሞ 25 ዓመት። ዛፍ ከዚህም የባሰ ነው፤ በግማሽ ቀን የሚገነደስ ዝግባ ለልጅ ልጅ የሚደርስ ነው። ማጥፋትና ማልማት በአንድ ፍጥነት አይሄዱም። ስለዚህ በታሪክ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ የማትሞላ ወቅት በተራራው ላይ የአንድ ትውልድ ዕድሜ ትበላለች።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አልነበረም። በዚያው ዘመን ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ በካዛኪስታንና በሩስያ ሜዳ ላይ ይሰማራ የነበረው ሳይጋ የሚባል የሜዳ ፍየል መሰል እንስሳ ወደ አንድ ሚሊዮን ይደርስ ነበር። የመንግሥት እርሻዎች ተበተኑ፣ ሥራ ጠፋ፣ ድንበሩ ለነጋዴ ተከፈተ፣ የጠባቂዎች ደመወዝ ተቋረጠ። ቀንዱ በቻይና ለባህል መድኃኒት ይፈለጋል፤ ቀንድ ያለው ደግሞ ወንዱ ብቻ ነው። አዳኞች ወንድ ወንዱን ስለመረጡ የተረፉት ሴቶች የሚያጠቃቸው አጥተው መውለድ አቆሙ። በአሥራ ጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው አለቀ። በኋላ ካዛኪስታን ጠንክራ ጠብቃ ቁጥሩን መልሳዋለች፤ ያም ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

የመንግሥት አውሬ

በ1983 ዓ.ም. ስለሆነው ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ሕዝቡ አላወቀም» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ከፓርክ ዳር የሚኖር ገበሬ ስለ ቆርኬ የሚያውቀውን ያህል ከተሜ አያውቅም፤ የሚወልድበትን ወር፣ ውኃ የሚወርድበትን ሰዓት፣ የሚወደውን ሣር ያውቃል። የጎደለው ሌላ ነው።

በነጭ ሳር የሆነውን እንይ። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም በውስጡና በዙሪያው ጉጂና ኮሬ ይኖሩ ነበር። በደርግ ዘመን በኃይል እንዲነሡ ተደረገ። ደርግ ሲወድቅ ተመልሰው ገቡ። በ1997 ዓ.ም. ዳግም የማስነሣት ዘመቻ ተካሄደ፤ የጉጂ ቤቶች ተቃጠሉ። በዚያው ወቅት ፓርኩን ለማስተዳደር የተረከበው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ሥራውን አቋርጦ ወጣ። እንዲህ ባለ ቦታ የሜዳ አህያው በሰዎቹ ዓይን ምንድን ነው? ቤታቸውን ያፈረሰው ክፍል ንብረት ነው። የመንግሥት አውሬ ነው። መንግሥት ሲወድቅ ንብረቱም አብሮ ይወድቃል፤ የወደቀን ሰው ዕቃ ማንሣት ደግሞ የጎረቤትን ዕቃ እንደ መስረቅ አይከብድም።

ይህ ብቻ ቢሆን ቂም የሌለበት ቦታ ይተርፍ ነበር። ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ እሱ ይበልጥ አሳሳቢ ነው፤ ክፉ ልብ አይጠይቅምና። ከተራራው ሥር የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። ጥበቃው መፍረሱን ሰምታለች። ዛፉ እንዲቆም ትወዳለች፤ ምንጩ የሚፈልቀው ከሥሩ ነው። ግን ዛሬ ማታ ባትቆርጠው ነገ ጠዋት ሌላው እንደሚቆርጠው ታውቃለች። ያኔ ዛፉም የለም፣ እንጨቱም የለም። ስለዚህ መጥረቢያዋን ታነሣለች። ጎረቤቷም በዚያው ሰዓት ይህንኑ እያሰበ ነው። ሁለቱም ዛፉን እየወደዱ ዛፉ ይወድቃል።

ይህን ጉዳይ በዓለም ዘንድ ያስታወቀው አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ በጋራ የሚጋጥ ሜዳ መጥፋቱ አይቀርም፤ እያንዳንዱ ባለ ከብት አንዲት ላም ሲጨምር ጥቅሙ የእሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ነውና አለ። መድኃኒቱም ወይ መንግሥት በኃይል ይጠብቀው፣ ወይ ለግለሰቦች ይከፋፈል የሚል ነበር። ብዙ አገሮች፣ የእኛውም ጭምር፣ ፓርኮቻቸውንና ደኖቻቸውን በዚህ መንፈስ አቋቋሙ።

ሃርዲን ግን አንድ ነገር አምልጦታል። ያንን ያሳየችው ሌላዋ አሜሪካዊት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። የስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሾችን፣ የጃፓን መንደሮችን ደኖች፣ የስፔን የመስኖ ቦዮችን መረመረች። ለመቶዎች ዓመታት በጋራ ተይዘው ያልጠፉ ናቸው። ነገሥታት ተለዋውጠውባቸዋል፤ ጦርነት አልፎባቸዋል። ሃርዲን የጋራ ያለው ሜዳ በእውነቱ የማንም ያልሆነ ሜዳ ነበር። የብዙዎች የሆነና የማንም ያልሆነ ነገር ግን አንድ አይደሉም።

ድስቱን ያተረፈው

ልዩነቱን ለመረዳት ስዊዘርላንድ መሄድ አያስፈልገንም፤ ወደ እድሩ እንመለስ።

አባሉ ማን እንደሆነ መዝገብ ላይ አለ። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ድንኳኑን ቢፈልግ ይከራያል እንጂ አይወስድም። ደንቡን ያወጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው፤ በስብሰባ ተከራክረው፣ አንዳንዴም ተጣልተው። ስለዚህ ሲቀጡ «ከላይ የመጣ» ብለው አያማርሩም። ቀብር የቀረ ሰው መጀመሪያ የሚቀጣው ትንሽ ነው፤ ቢደጋግም ይጨምርበታል፤ ጨርሶ እምቢ ካለ ስሙ ይሠረዛል። ስሙ የተሠረዘ ሰው ደግሞ ሐዘን ሲደርስበት ማን እንደሚቆምለት ማሰብ ነው። ሰሃን ሲመለስ ይቆጠራል፤ የሚቆጥረው ሰው ነገ የራሱ ሐዘን ላይ ያ ሰሃን የሚያስፈልገው ነው። አለመግባባት ቢነሣ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በዳኛውና በሽማግሌዎቹ ያልቃል።

ኦስትሮም ለዘመናት በኖሩት የጋራ ሀብቶች ውስጥ ያገኘቻቸው ነገሮች ከሞላ ጎደል እነዚሁ ናቸው፦ የታወቀ ድንበርና የታወቀ አባል፣ ተጠቃሚው ያወጣው ሕግ፣ ከተጠቃሚው የወጣ ተቆጣጣሪ፣ ከትንሽ ጀምሮ የሚያድግ ቅጣት፣ ቅርብ ያለ ዳኝነት። አንድ ሌላ ጨምራለች፦ መንግሥት ይህን ስምምነት ማወቅና ማክበር አለበት፤ ቢያንስ አለማፍረስ።

የእድሩ ድስት በ1983 ዓ.ም. ያልተዘረፈው ለዚህ ነው። ባለቤቶቹ በዚያች ሳምንትም እዚያው ነበሩ። ሊቀመንበሩ ቢሰደድ ምክትሉ አለ፤ ቁልፉ ቢጠፋ መዝገቡ አለ፤ መዝገቡ ቢቃጠል የሁሉም ሰው ትዝታ አለ። ክፍተት የሚባለው ነገር እዚህ በር አላገኘም። የሰንቀሌ ቆርኬ ግን አንድ ባለቤት ብቻ ነበረው። እሱ ሲሄድ የቀረ አልነበረም።

መንዝ ላይ የሆነው

«እድር ጥሩ፤ ግን ድስት ሌላ፣ አውሬ ሌላ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ሸዋ እንሻገር።

መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሰፊ ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። ጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩትም እዚያው ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ የሚመለከታቸው ባለ ርስቶች በመረጧቸው አለቆች ውሳኔ በበጋ ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ተመልሶ ይዘጋል። ለቀበሮው ተብሎ አልነበረም፤ ለጣሪያው ተብሎ ነበር። ቀበሮው በዚያ ውስጥ ኖረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን አዋጅ ወጣ። ርስት ቀረ። መሬቱ በርስት የሚቆጠርበት ሥርዓት ሲቀር በርስት የሚቆጠሩት ጠባቂዎችም ሥልጣናቸው ቀረ። ጓሳ ያኔ ክፍተት ውስጥ ገባ። ሣሩ ያለ ወቅቱ ታጨደ፣ ከብት ያለ ልክ ገባ። እስካሁን ያለው ታሪክ ከሰንቀሌ አይለይም።

የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ከጓሳ ጋር የሚዋሰኑት የገበሬ ማኅበራት ተሰበሰቡና የድሮውን የጥበቃ ደንብ በአዲስ መልክ አቆሙት። የተጠቀሙበት መልክ ደግሞ የእድር መልክ ነበር። አባልነቱ በትውልድ ሐረግ መሆኑ ቀርቶ በመኖሪያ ሆነ፤ በቀድሞው ሥርዓት ርስት ያልነበራቸውም ገቡበት። የደርግ ባለሥልጣናት ሊያውቁት በሚችሉት ቋንቋ የድሮውን ቁም ነገር ጻፉት ማለት ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ጓሳ ከነቀበሮው ተሻገረ። ዛሬ በአማራ ክልል ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ከጓሳ የምወስደው ትምህርት ባህል ይበቃል የሚል አይደለም። የድሮው ባህል በአዋጅ ፈርሶ ነበር። የዳነው ሰዎቹ ስምምነታቸውን ከአንድ ዘመን ሕግ ወደ ሌላው ዘመን ሕግ ማሻገር በመቻላቸው ነው።

ተቃራኒውን ምሁሩ ደሳለኝ ራሕመቶ ከወሎ ጽፈውልናል። እሳቸው የገጠር ድህነትን ሲያጠኑ ወደ ወላይታም መጥተው የቦሎሶን ገበሬ ኑሮ በቅርብ የመረመሩ ሰው ናቸው። በወሎ በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ዘመቻ የተተከሉ የተራራ ደኖች መንግሥቱ ሲዳከም በራሱ በተከላቸው ሕዝብ መመንጠራቸውን ይገልጻሉ። ችግኙን የተከለው እጅና ዛፉን የቆረጠው እጅ አንድ ነበር። ያ እጅ ዛፉን ለዘይትና ለስንዴ ብሎ ተከለ እንጂ የማን እንደሆነ የነገረው አልነበረም።

ሁምቦ፦ ጉቶው ሕያው ነበር

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ በሁምቦ በኩል ያለፈ ሰው በቀኝም በግራም የሚያየው ተራራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድንጋይና አቧራ ነበር። የአካባቢው ደን አብዛኛው ከአብዮቱ በፊት ተመንጥሮ አልቋል። ከሰል አክሳዩና ከብቱ የቀረውን ይለቅሙት ነበር።

በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር አንድ ሥራ ጀመረ። አዲስ ችግኝ መትከል የሥራው ትንሹ ክፍል ነበር። ዋናው ጉቶ ነው። የተቆረጠ አገር በቀል ዛፍ ከላይ የሞተ ቢመስልም ከመሬት በታች ሥሩ ይኖራል። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ በየዓመቱ ፍየል ይበላዋል፤ በየዓመቱም ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ቦታው ከከብትና ከመጥረቢያ ሲከለል አንድ ጉቶ ብዙ ቀጫጭን ቡቃያ ያወጣል። ገበሬው ይጠጋና ቀጥ ያሉትን ጥቂት ብቻ ትቶ ሌላውን በስለት ከሥሩ ይገርዛል። የተገረዘው ለማገዶ ይሄዳል። የተተወው የትልቅ ዛፍ ሥር የሚያመጣለትን ውኃ ለብቻው ስለሚጠጣ ከዘር ከበቀለ ችግኝ በብዙ ፈጥኖ ያድጋል። በዚህ ዘዴ 2,728 ሄክታር መሬት ወደ ደንነት ተመለሰ።

ስለ ሁምቦ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ካርቦኑ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ማዕቀፍ መዘገበው፤ የዓለም ባንክ ደኑ ከአየር ስቦ የሚያስቀምጠውን ካርቦን የተወሰነውን ለመግዛት ተስማማ። በአፍሪካ በዚህ መልክ ከተመዘገቡት ትልልቅ የደን ሥራዎች የመጀመሪያው ነው። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎ ታቅዷል። ለእኔ ግን የበለጠው ነገር ሌላ ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በተራራው የመጠቀም መብታቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ በእጃቸው ገባ። ድንበሩ ተለካ፤ አባሉ ተመዘገበ፤ የሣር አጨዳው፣ የማገዶው፣ የጥበቃው ተራ በራሳቸው ደንብ ተወሰነ። ከካርቦኑ የመጣው ገንዘብም የእህል መጋዘንና ወፍጮ ሆነ። የእድሩ ድስትና ድንኳን በዚህ መልክ ወደ ተራራው ወጡ።

ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ተራራው ሲዘጋ በከሰል የሚተዳደሩት፣ መሬት የሌላቸው፣ ከሁሉም ድሆች የሆኑት ገቢያቸው ተቋርጧል። ማኅበር እነሱን ካላቀፈ ነገ በክፍተቱ ሰዓት መጥረቢያ ይዘው የሚወጡት እነሱ ናቸው፤ ልንፈርድባቸውም አንችልም።

አንድ ክልል አራት ሲሆን

ለምን ይህን ሁሉ አሁን አነሣን? ክፍተት የሚፈጠረው ቤተ መንግሥት ሲለወጥ ብቻ ስላልሆነ ነው። የአስተዳደር ወሰን ሲቀየርም ይፈጠራል፤ ያለ አንዲት ጥይትም ይፈጠራል።

የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዛሬ የለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ወጡ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ፣ በወላይታ ደግሞ ሰኔ 12 ቀን በተደገመው፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መጣ፤ በነሐሴ ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ መቀመጫው ሆነች፤ ቢሮዎቹም በበርካታ ከተሞች ተከፋፈሉ። የቀረው ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ ሲጠይቅ የኖረው ነገር ነው፤ ጥያቄው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው የዚህ መጽሐፍ ጉዳይ አይደለም።

ጉዳያችን ይህ ነው፦ በአንድ ክልል ውስጥ የነበሩት ሎካ አባያ፣ ጨበራ ጩርጩራ፣ ማዜና ግቤ ሸለቆ ፓርኮች ዛሬ በአራት ክልሎች ውስጥ ናቸው። ቢሮ ሲከፈል ሠራተኛ ይከፈላል፣ መኪና ይከፈላል፣ መዝገብ ይከፈላል። የትኛው ወሰን የት እንደተለካ የሚያውቀው ባለሙያ ሌላ ከተማ ይመደባል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራን ደመወዝ በጊዜው ሳይከፈል ቀርቶ ትምህርት ተስተጓጉሎ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። መምህር ደመወዝ ሲዘገይበት ወላጅ ይጮኻል። የፓርክ ጠባቂ ደመወዝ ሲዘገይበት የሚጮኽለት ቆርኬ ነው፤ እሱ ደግሞ አይሰማም።

ሕጉ በዚህ በኩል ከቀድሞው ተሻሽሏል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደን የሚባል ይዞታ በስሙ ጠርቶ ያውቃል። ለደን ማለት ነው። ለዱር እንስሳ ግን የመንዝ ዓይነት ይዞታ ገና በጣት የሚቆጠር ነው፤ ፓርኮቻችን ዛሬም በአብዛኛው አንድ ባለቤት ያላቸው ናቸው፣ ያም መንግሥት ነው። በእኔ እምነት የማዜ ቆርኬ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። በጎፋና በጋሞ በኩል የሚጎራበቱት ቀበሌዎች ከሣሩ፣ ከሚመጣው ጎብኝ ገቢና ከጥበቃው ሥራ ድርሻቸው በጽሑፍ እስካልታወቀ ድረስ ፓርኩ ከሚቀጥለው ለውጥ ሊተርፍ የሚችለው በዕድል ብቻ ነው።

«መሬት ጠቧል፤ እንደ ቦሎሶ ሰው በበዛበት አገር ይህ አይሠራም» ለሚል መልስ የሚሆን ጎረቤት አለን። ጌዴኦ እንደ እኛው እንሰት ተክሎ፣ እንደ እኛው ተጨናንቆ የሚኖር ሕዝብ ነው። ከቡናው በላይ እንሰት፣ ከእንሰቱ በላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ቆመዋል፤ በመካከላቸው በአዛውንቶች የሚጠበቁ የተቀደሱ ደኖች አሉ። ያንን ሁሉ የጠበቀ አንድም የታጠቀ ዘበኛ አልነበረም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ከባሌ ተራሮች ፓርክ ጋር በአንድ ጉባኤ። አንዱ በሕዝብ፣ ሌላው በመንግሥት የተጠበቀ ነው። የሚቀጥለው ለውጥ ሲመጣ የትኛው ቀሎት እንደሚያልፍ አንባቢ ይፍረድ።

እስከዚያው ግን በእጃችን ያለ ሥራ አለ። በቀበሌያችሁ የተከለለ ተራራ ካለ፣ ዳሞታ ተራራ ወገብ ላይም ይሁን ከአረካ ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ፣ የመጠቀም መብቱ በማን ስም እንደሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። ወሰኑ ተለክቶ እንደሆነ፣ የአባላት መዝገብ እንዳለ፣ ደንቡን ማን እንዳወጣው ጠይቁ። ሰነዱ ካለ ቅጂው በአንድ መሥሪያ ቤት ሳጥን ውስጥ ብቻ እንዳይቀር፤ ማኅበሩም፣ ሽማግሌዎቹም፣ ትምህርት ቤቱም ይያዙት። ሰነድ ከሌለ ዛሬ ጸጥታ ባለበት ሰዓት ተሰብሰቡና አሠሩት። በክፍተቱ ሰዓት ፈርሞ የሚሰጥ ሹም አይገኝም።